ጣና የሚል ቃል የሌለበት የጣና ፎቶ

እስቲ ስልክዎን ያውጡና መፈለጊያው ላይ «እንቦጭ» ብለው ይጻፉ። በብዛት የሚመጣልዎ ዜና ነው። የዘመቻ ዜና፣ የመዋጮ ዜና፣ የማጨጃ ማሽን ዜና። አሁን ደግሞ በ«ን» ፋንታ በ«ም»፣ «እምቦጭ» ብለው ይሞክሩ። ዝርዝሩ ይለዋወጣል። በእንግሊዝኛ ስሙ፣ «ዋተር ሃያሲንት» ብለው ከፈለጉት ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባሉ። ጥናቱና ካርታው በብዛት ያለው እዚያ ነው። በዚህም አያበቃም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ይህን አረም ለረጅም ዘመን ኤይኮርኒያ ክራሲፔስ ሲሉት ኖሩ። በ2018 ደግሞ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ይባል ተባለ። አንድ አረም፣ አምስት አጠራር። በየአጠራሩ ስር ሌላ ሌላ መረጃ ተቀምጧል።

(በነገራችን ላይ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ይህ ራሱ አንድ ጣጣ ነው፤ እመለስበታለሁ።)

አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅ። ጣና ላይ ያለው እንቦጭ ዘንድሮ ከአምናው ሰፋ ወይስ ጠበበ? ዓሣ አጥማጁም፣ ጋዜጠኛውም፣ ባሕር ዳር ያለ ተማሪም ሊጠይቀው የሚችል ነው። መልሱ የሚገኝበት ነገር ደግሞ አለ። ሴንቲኔል-2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች፣ የመጀመሪያው በ2015 ከተወነጨፈ ወዲህ፣ ምድርን ፎቶ እያነሱ ነው። ሁለት ሆነው አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ይጎበኙታል። ፎቶው ላይ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ደመና ካልጋረደው በቀር ሰፋ ብሎ የተኛ አረም ይታያል። የአሜሪካው ላንድሳት ደግሞ ከ1972 ጀምሮ ሲያነሳ የኖረ ነው። ከ2008 ወዲህ ክምችቱ ለማንም በነጻ ክፍት ሆኗል። እንቦጩ ጣና መግባቱ በይፋ የተነገረው በ2011 ነው። ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሐይቅም፣ ከመጣ በኋላ ያለውም ፎቶ ተነስቷል።

ታዲያ ስንፈልገው ለምን አይመጣም? ፋይሉ ላይ «ጣና» የሚል ቃል ስለሌለ ነው። የፋይሉ ስም የሳተላይቱ መለያ፣ ቀንና ሰዓት፣ ከዚያም የካርታ ካሬ ኮድ ነው። የጣና አካባቢ ኮድ በ37ፒ ይጀምራል። 37ፒ ብሎ የሚፈልግ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ የለም። ተራው መፈለጊያ ቃል አንባቢ ነው፤ ቃል የሌለበት ነገር ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው። ላሟ በእርግጥም ሰማይ ላይ ናት። በየአምስት ቀኑም ትታለባለች። ወተቱን ግን በምን ስም እንጠይቅ?

ለአካባቢ መረጃ ራሱን የቻለ መፈለጊያ እንሥራ የሚሉ ሰዎች የተነሱት ከዚህ ነው። የአካባቢ መረጃ ሲባል አብዛኛው ጽሑፍ አይደለም፤ ልኬት ነው። ልኬት ደግሞ ያለ ቦታው፣ ያለ ቀኑና ያለ መስፈሪያው ባዶ ነው። «42» ምንድን ነው? ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል ሲባል ነው ነገር የሚሆነው።

ተራው መፈለጊያ ሌላም ጠባይ አለው። ጎግል በ1998 ሲመሠረት ይዞት የመጣው ትልቁ ሐሳብ፣ ሌሎች ገጾች በሊንክ የሚጠቁሙት ገጽ ቢቀድም ይሻላል የሚል ነው። ለዜናና ለሸቀጥ ግሩም ሐሳብ ነው። ለአፈር ልኬት ግን አይሆንም። ከ1981 ጀምሮ ወሎ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ ላይ ተራ በተራ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተተክለዋል። ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር ለብዙ ዓመታት ሲለኩ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ተከታታይ መዝገብ በአፍሪካ ብርቅ ነው። ግን የአንዲት ጥድን የጎርፍ ሠንጠረዥ ማን ሊንክ ያደርጋል? ማንም። ስለዚህ ጥልቁ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መምታታት አለ። ስለ «አረንጓዴ መፈለጊያ» ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ኢኮዚያን ነው። ኢኮዚያ በ2009 ጀርመን ውስጥ የተጀመረ፣ ከማስታወቂያ በሚያገኘው ገቢ ዛፍ የሚያስተክል መፈለጊያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም አስተክሏል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መልሱን ለዓመታት ሲወስድ የኖረው ከማይክሮሶፍቱ ቢንግ ነው። ስለ አካባቢ የተሻለ መልስ አይሰጥም፤ ሲጠይቁት ዛፍ ያስተክላል እንጂ።

እውነተኞቹ ልዩ መፈለጊያዎች በስም ብዙም አይታወቁም። ጂቢፍ የሚባለው፣ በ2001 የተቋቋመና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን የሆነ፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ምዝገባ የሚፈለግበት ነው። ይህ ወፍ፣ ይህ ዛፍ፣ በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ ታየ የሚል ከ2 ቢሊዮን በላይ መዝገብ ይዟል። የአረማችንን የድሮ ስም ቢጽፉለት አዲሱ ስም ይሄ ነው ብሎ ያገናኝዎታል። ጎግል ራሱ በ2018 የዳታ መፈለጊያ ለብቻው አውጥቷል። በ2020 መጀመሪያ ላይ 25 ሚሊዮን ገደማ የዳታ ስብስቦችን መዝግቦ ነበር። ለአካባቢ ሕግ ኢኮሌክስ አለ፤ ለአየር ንብረት ፖሊሲ በ2021 እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመው ክላይሜት ፖሊሲ ራዳር አለ። ሁሉም አንድ ዘዴ ይጋራሉ። የዓለምን ድረ ገጽ ሁሉ አያስሱም። የታወቁ ምንጮችን ይመርጣሉ፣ እነሱን ብቻ ይለቅማሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መዝገብ የት፣ መቼ፣ ምን፣ በማን ብለው ይፈርጁታል። ጠባብ ናቸው። ጥቅማቸውም ጥበታቸው ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ቁጥርን ወደ እናቱ የሚመልስ መፈለጊያ ነው። እስካሁን እንደምፈልገው ሆኖ አላየሁትም። ለምን እንደምወደው ልንገርዎ።

የኢትዮጵያ የደን ሽፋን ስንት ነው? አንዱ ሰነድ 3 በመቶ ገደማ ይላል። ሌላው 11 ገደማ። በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት የቀረበው የመንግሥት ሰነድ ደግሞ 15.5 በመቶ ይላል። ደኑ በአንድ ሌሊት አልበቀለም። ማንም አልዋሸም ይሆናል። የተለወጠው «ደን» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ደን የሚለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 5 ሜትር ቁመት፣ 10 በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ ያለውን ነው። ኢትዮጵያ በ2015 ቁመቱን ወደ 2 ሜትር አወረደች፤ ጥላውን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገች። በዚህ መስፈሪያ ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦ መሬትና ቀርከሃው ደን ውስጥ ገቡ። 3 በመቶ የሚለው ደግሞ በአብዛኛው ረጃጅሙን ጥብቅ ደን ብቻ የቆጠረ ነው።

አሁን አንድ ተማሪ ተራ መፈለጊያ ላይ ይጠይቃል። ሦስት ቁጥር ያገኛል። አንዱን ይመርጣል። የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ለመከራከሪያው የሚመቸውን ነው። ደኑ አለቀ ለማለት 3ን፣ ደኑ ተመለሰ ለማለት 15.5ን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «በዚህ መካከል ደኑ በአምስት እጥፍ አደገ» የሚልም አይጠፋም። ልዩ መፈለጊያ ግን ከቁጥሩ አጠገብ መስፈሪያውን ማሳየት ይችላል። በዚህ ትርጉም፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ተቋም የተቆጠረ ብሎ።

40 በመቶውስ? «ከመቶ ዓመት በፊት የሀገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ያልተባለበት የችግኝ ተከላ ንግግር አለ? የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ይህን ቁጥር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሞግቶታል። ከመቶ ዓመት በፊት ሀገሪቱን ዞሮ ደን የለካ ሰው የለም። ሰነድ ሰነድን፣ ሪፖርት ሪፖርትን እየጠቀሰ የመጣ ነገር ነው። «በዓመት 1.5 ቢሊዮን ቶን አፈር ይታጠባል» የሚለውም እንደዚሁ ዕድሜው ይረሳል። ይኸኛው እንኳ መሠረት አለው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ከእነማይባር ጣቢያዎች ልኬት ተነስቶ ለመላው ሀገር ያሰላው ግምት ነው። የእርሻ መሬቱ 42 ቶንም የእሱ ነው። ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም «በአሁኑ ወቅት» እየተባለ ይጻፋል። ተራው መፈለጊያ የተደጋገመን ቁጥር ያምናል። ሺህ ገጽ ከደገመው እውነት ይመስለዋል። ጥሩው ግን ሺውን ገጽ ወደ ኋላ ተከትሎ ሁሉም ከአንድ ወረቀት እንደቀዱ ማሳየት ነበረበት።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። በአማርኛ እንዲህ ያለ መፈለጊያ እንሥራ ብንል ምን ይገጥመናል?

ፊደሉ ራሱ ይቀድማል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ነው። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። 12 ዓይነት አጻጻፍ መሆኑ ነው። ሐይቅም፣ ሥነ ምህዳርም፣ ዐፈርም ያው ናቸው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ሲመዘግብም ሲፈልግም ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ ፊደል ይመልሳል። ሊቃውንቱ አይውደዱት እንጂ ለፍለጋ ይሠራል። ቀጥሎ የሚመጣው ይከብዳል። «ጣና» ብዬ ስፈልግ «የጣናን»፣ «በጣና»፣ «ስለጣናው» የሚሉትም መምጣት አለባቸው። ማሽኑ «የ»ን ልቁረጥ ካለ ደግሞ «የብስ»ን «ብስ» ያደርገዋል። ቅጥያ መግፈፍ ጥበብ ይጠይቃል።

ከዚያ የድሮ ሰነድ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን የራሳቸው ኮድ ባላቸው የመጻፊያ ፕሮግራሞች፣ በእነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ሲጽፉ ኖረዋል። ስክሪን ላይ ሲያዩት አማርኛ ነው። ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ማሽኑ የሚያየው ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ስካን የተደረገው ደግሞ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ከፎቶ ላይ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። አማርኛ የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ማህተም ያረፈበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ይንተባተባሉ።

አሁን የቀን መቁጠሪያው። «የ77ቱ ድርቅ» ሲባል የትኛው እንደሆነ የማይገባው አማርኛ ተናጋሪ የለም። ማሽኑ ግን ወደ 1977 ይሄዳል። ዓለም የ1984 ይለዋልና ባዶ እጁን ይመለሳል። የ2008 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ይባስ ያታልላል። በኤልኒኞ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ያኔ ነው። ይህ በፈረንጅ 2015 መጨረሻና 2016 ነው። በፈረንጅ 2008 ግን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ድርቅና የእህል ዋጋ ንረት ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ይሳሳታል ብቻ ሳይሆን ስህተቱ ትክክል ይመስላል። የተሳሳተ ድርቅ፣ የተሟላ መልስ።

ወቅቶቹም አሉ። መዝገበ ቃላት ክረምትን «ዊንተር»፣ በጋን «ሰመር» ብሎ ይተረጉማል። ገበሬው «የክረምት ዝናብ» ሲል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ነው የሚለው። «ዊንተር» ብሎ የተረዳ ማሽን በታኅሣሥና በጥር ዝናብ ፍለጋ ይወጣል። የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት ለሐምሌ ጎርፍ መስጠት ማለት ነው።

የቦታ ስምስ? ዝዋይ፣ ባቱ፣ ደምበል። ሐረማያ፣ ሀሮማያ፣ ዓለማያ። የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ጠፍቶ የነበረበትን ዘመን ጥናት የሚፈልግ ሰው በአንዱ ስም ብቻ ከፈለገ ግማሹ ያመልጠዋል። አረሞቹም እንደ ቦታዎቹ ናቸው። ፓርቴኒየም የሚባለውን አንዱ ቅንጭ አረም፣ ሌላው ፋራምሲሳ ይለዋል። አፋር ላይ ግጦሹን የወረረውን ፕሮሶፒስ አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ስሙ ብቻውን መቼ እንደመጣ ይነግራል። ይህን ስም የማያውቅ መፈለጊያ የአርብቶ አደሩን ምስክርነት በሙሉ አያገኘውም።

«ዘንድሮ ማን ይፈልጋል? ኤአይን መጠየቅ ነው» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም እጠይቀዋለሁ። የተለያየ ስምን ማገናኘት ላይ ከድሮው መፈለጊያ ይበልጣል፤ እንቦጭን ከእንግሊዝኛው ስም ጋር ማዛመድ አይከብደውም። ችግሩ ያው የቁጥሩ እናት ናት። 40 በመቶውን ሺህ ጊዜ ያነበበ ማሽን፣ በሚያምር አማርኛ 40 በመቶ ይልዎታል። ከታመኑ ሰነዶች ብቻ ፈልጎ ከእነ ገጻቸው እንዲመልስ ሲደረግ ይሻሻላል። ይህ ማለት ግን ዞሮ ዞሮ ሰነዶቹን የለቀመና የፈረጀ መፈለጊያ ከበስተጀርባው ያስፈልገዋል።

መፈለጊያ ያልወጣ ነገር ማግኘት እንደማይችልም መናገር አለብኝ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ዓ.ም. የግምገማ ጥናት ሪፖርቶች ለሕዝብ ተደራሽ ይሁኑ፣ አስተያየትም ይሰብሰብባቸው ይላል። ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። የሰፈርዎን ፋብሪካ ሪፖርት ከቤትዎ ሆነው ለማግኘት ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሰው ፈልጎ፣ ደውሎ፣ ፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። የአዋጁን በጆሮ ይሏል ይህ ነው። በሌላ በኩል ጥሩ የተሠራም አለ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ተቋም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር፣ ኢትዮጵያዊው ቱፋ ዲንቁ በመሩት ኢናክትስ በሚባል ሥራ፣ የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዷል። የዝናብ ጣቢያ በሌለበት ወረዳም በየ4 ኪሎ ሜትሩ ግምት አለ። ሥራው እዚህ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ሄዷል።

የወጣውም ቢሆን ሊጠፋ ይችላል። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ፣ በ1985፣ አሜሪካ ረሃብን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ፊውስኔት የሚባል ሥርዓት አቋቋመች። በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ ድረ ገጹ ከነክምችቱ ተዘጋ። ተመልሶ የተከፈተው ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በየሀገሩ ያሉ የአሜሪካ ኤምባሲዎች የአየር ጥራት ልኬታቸውን ማሰራጨት አቆሙ። አዲስ አበባም ልኬቱ ሲወጣላቸው ከነበሩት ከተሞች አንዷ ነበረች። ስለዚህ ልዩ መፈለጊያ ሊንክ ብቻ መያዝ አይበቃውም። ቅጂ ማስቀመጥ አለበት። ኦፕንኤኪው የሚባለው የአየር ጥራት ክምችት ከ2015 ጀምሮ ከየሀገሩ ልኬት እየሰበሰበ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ምንጩ ቢደርቅም የተቀዳው ውሃ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ስንት ገንዘብ ይፈጃል? ሰው ከሚገምተው ያነሰ። የፍለጋ ሞተሩ ራሱ ነጻ ነው፤ ሉሲን የሚባለው በ1999 የተጻፈና ማንም የሚጠቀምበት ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ በእሱ ላይ የተገነቡ ሌሎችም አሉ። አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ጎበዝ ልጆች ካሉ በጥቂት ወር የሚንቀሳቀስ ነገር ይወጣል። ውዱ ቃሉ ነው። የትኛው ስም ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ የሚናገር መዝገብ። የምግብና እርሻ ድርጅቱ አግሮቮክ የሚባል እንዲህ ያለ መዝገብ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ከ40 በላይ ቋንቋዎችን ይዟል። ቅርጹን ከዚያ መዋስ ይቻላል። ለአማርኛው አንድ ያልተነካ ሀብትም አለን፦ ነጋሪት ጋዜጣ። አንዱ ዓምድ አማርኛ፣ ሌላው እንግሊዝኛ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ትይዩ። የአካባቢ ሕጎቹን ብቻ አገናኝቶ ቃል ቢለቀም ጥሩ መነሻ ይወጣል። ጋዜጣው ውስጥ የሌለውን ደግሞ የግብርና ባለሙያው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ አርብቶ አደሩ ይሞሉታል።

እኔ ብጀምረው የመጀመሪያዋ መስመር እንዲህ ትሆናለች፦ እንቦጭ፣ እምቦጭ፣ ዋተር ሃያሲንት፣ ኤይኮርኒያ ክራሲፔስ፣ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ። ቦታ፦ ጣና፣ 37ፒ። ከመቼ ጀምሮ፦ 2011፣ በእኛ 2003 ወይም 2004 ዓ.ም.፤ ወሩ ይጣራ።